የብሩስኪ ወንድማማቾችና ኤርሲሊያ

የኤርሲሊያ ቶዚ ቀኝ ጆሮ አይሰማም። ገና በልጅነቷ አባቷ ናዛሬኖ በጥፊ አጩሏት ደም ከፈሰሰው ወዲህ ደንቁሮ ቀረ። በምን ምክንያት እንደመታት እሱም ረሳው፣ እሷም ረሳችው። ናዛሬኖ ከኦርቪዬቶ ገደል ሥር ባለው ሸለቆ የሰው መሬት እያረሰ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እኩል የሚካፈል ገበሬ ነበር። ቀን ከባለመሬቱ የዋጠውን ስድብ ቤቱ ሲገባ ቀበቶውን ፈትቶ ለልጆቹ ያከፋፍለዋል።

እሁድ እሁድ ታጥበውና ተበጥረው ዳገቱን ይወጡና በከተማዋ ካቴድራል ያስቀድሳሉ። በካቴድራሉ የፊት ግድግዳ ላይ ሲኦል ተቀርጿል፤ ሰይጣናቱ ኃጢአተኞቹን በገመድ ጠፍረው ይጎትታሉ፣ ክንዳቸውን ይነክሳሉ። ሌሎቹ ልጆች መላእክቱን ሲያዩ ኤርሲሊያ ዓይኗን ከሲኦል አትነቅልም ነበር። አንድ ቀን አንዱን ቀንዳም በጣቷ እያሳየች፣

«እማ፣ ይኼ አባባን አይመስልም?» አለች።

እናቷ ጭኗን ቆንጥጣ አስለቀሰቻት። ዳገቱን ሲወርዱ ግን እናትየዋ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ኤርሲሊያ አይታለች።

ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ኦሬስቴ ብሩስኪን አገባች። ኦሬስቴ ሙሉ በርሜል ብቻውን የሚያንከባልል፣ ሲዘፍን ሸለቆው ጸጥ ብሎ የሚያዳምጠው፣ ሰው ሲያይ ፊቱ እንደ ጧት ፀሐይ የሚፈታ ጎረምሳ ነበር። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚባለው እሱ ነው። ከሰርጉ ብዙም ሳይቆይ፣ በእጇ እያሸች የሠራችለትን ወፍራም ፓስታ አየና «ይኼ ምግብ ነው ወይስ የጫማ ማሰሪያ?» ብሎ ሳህኑን ፊቷ ላይ ደፋው። ኤርሲሊያ ፓስታውን ከፀጉሯ ላይ አራገፈች። ቀጥላ የሊጥ መዳመጫውን አነሳችና አፉ ላይ አሳረፈችበት። የፊት ጥርሱ እኩሌታው ተሰብሮ ወለሉ ላይ ወደቀ። እሱም በፈንታው መሬት ላይ ጥሎ ሲረግጣት ጎድኗ ተሰነጠቀ።

የሰፈሩ ሰው «በብሩስኪ ቤት ሳህን አይከርምም» እያለ ይስቅ ነበር። ሲስቅ የኦሬስቴ ጥርስ እንጂ የኤርሲሊያ ጎድን አይታየውም። ባልና ሚስት ተመጣጠኑ ይላል። ምን ተመጣጠኑ፤ እሷ አንድ ስታሳርፍ እሱ አሥር ያሳርፋል። እናቷ ዘንድ ብትሄድ ያው ወደ ቀበቶው መመለስ ነው። ሚሬላ የምትባል ሴት ልጅ ወለደች፣ ወይኑንም ወደደችው፤ ቀረች። ሚሬላ ራሷን እንደቻለች ፔሩጃ ከተማ ገብታ ፀጉር ሠሪ ሆነች፤ ለፋሲካና ለገና ካልሆነ ብቅ አትልም።

ኑሮው መልኩን የቀየረው የኤርሲሊያ የአክስት ልጅ ሎሬቶ ሚኒባስ ገዝቶ ቱሪስት ማመላለስ ሲጀምር ነው። ሎሬቶ ምላሱ የማያርፍ፣ ቁመቱ አጭር፣ በጥቂት ቋንቋ ብዙ የሚዋሽ ሰው ነው። ከሮም በባቡር የመጡትን ይቀበልና ካቴድራሉን ያሳያቸዋል፤ በቅሎዎች በአንዱ ደረጃ ወርደው በሌላው የሚወጡበትን ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ቁልቁል ያስወርዳቸዋል፤ ጉልበታቸው ሲዝልና ሆዳቸው ሲጮህ ሚኒባሱ ላይ ጭኖ ሸለቆው ውስጥ ወደ ብሩስኪዎች የወይን እርሻ ይዟቸው ይመጣል። በሐረግ ጥላ ሥር ረጅም ጠረጴዛ ይጠብቃቸዋል። ኤርሲሊያ ጨው የሌለው ዳቦ ጠብሳ የዶሮ ጉበት ትቀባበታለች፤ ያንኑ የእጅ ፓስታ በከርከሮ ሥጋ ወጥ ታቀርባለች፤ ርግብ በወይራ ትጠብሳለች። እንግዶቹ በሹካቸው ፓስታውን እየጠቀለሉ፣ ከሸለቆው ማዶ ገደሉ አናት ላይ የካቴድራሉ የፊት ግድግዳ ወርቅ ሲያብረቀርቅ እያዩ «እዚህ የሚኖር ሰው ምን ይጎድለዋል?» ይላሉ። ሎሬቶ ሲተረጉምላት ኤርሲሊያ ረጅም እጅጌዋን ወደ ታች ሳብ ታደርጋለች።

ኦሬስቴ እዚያ ላይ ነበር የሚያምርበት። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ የተሰበረ ጥርሱን «ከከርከሮ ጋር ስታገል ነው» እያለ እያሳየ ያስቃቸዋል። በመጨረሻ ኮረብታው ውስጥ ከተፈለፈለው የወይን ጓዳ ያስገባቸዋል። ጓዳው ከአያቶች ጀምሮ የነበረ ነው፤ በበሩ ሲገቡ ደረጃው ቁልቁል ይወርዳል፣ ከታች በርሜሎቹና ትልልቆቹ ገንዳዎች ይደረደራሉ። የወይን ጓዳ በመከር ወራት ሰው ይበላል። ጭማቂው ሲፈላ የሚወጣው አየር ከባድ ነው፤ አይታይም፣ እንደ ውኃ መሬት መሬቱን ይተኛል፣ ውስጡ የገባ ሰው ሁለቴ ተንፍሶ ይወድቃል። ስለዚህ የሸለቆው ሰው መከር ሲሆን ሻማ ከጉልበቱ በታች ይዞ ነው የሚወርደው፤ ሻማው ከጠፋ ወደ ላይ ይመለሳል። ኦሬስቴ ዘመናዊ ማራገቢያ አስገጥሞለት ነበር። ግን ማራገቢያው ይጮሃል፤ እንግዶች ሲመጡ ድምፁ እንዳይሰማ ከምሳ በፊት ያጠፋዋል። ኤርሲሊያ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ቱሪስት ገድለህ እስር ቤት ትገባለህ» ስትለው «አንቺ ድስትሽን ጠብቂ» ነበር መልሱ።

ጣጣው የመጣው በታናሽ ወንድሙ በሲልቫኖ ነው። ሲልቫኖ ገና በወጣትነቱ ተርኒ ከተማ ብረት ማቅለጫ ገብቶ ዕድሜውን እዚያ ጨርሶ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዱ ሆኖ ተመለሰ። ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነበር። መሬቱን አባታቸው ሳይከፍል ለሁለቱ ትቶት ስለሞተ አንዱ ያለ ሌላው ፊርማ መሸጥ አይችልም። ኮረብታውን በሙሉ ገዝቶ ሆቴል ሊሠራ የሚፈልግ የውጭ ሰው መጣ። ሲልቫኖ ልሽጥ አለ፣ ኦሬስቴ አሻፈረኝ አለ።

በሚያዝያ ሲልቫኖ የሞተር መጋዝ ይዞ በጠራራ ፀሐይ ወረደና አያታቸው የተከሉትን አንድ ሙሉ መስመር የወይን ግንድ ከሥሩ ገነደሰው። እየዘፈነ ነው የገነደሰው። ኦሬስቴ ደርሶ ሐረግ የሚደገፍበትን እንጨት ከመሬት ነቀለና ክንዱን ሲመታው የአጥንቱ ድምፅ ኤርሲሊያ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማት፤ ያውም በአንድ ጆሮዋ። የሲልቫኖ ክንድ ጂፕሱ ሳይወልቅለት ደግሞ የኦሬስቴ አዳኝ ውሻ በመርዝ ሞቶ በሩ ላይ ተገኘ። ኦሬስቴ ውሻውን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እንባውን ጠርጎ ወጥ ቤት ሲገባ ኤርሲሊያ «እኔን ምን አድርጌህ?» ማለት እንኳ አልደረሰችም። በለቅሶው ያልወጣለትን በእሷ ጀርባ ላይ አወጣው።

ሎሬቶ በማግስቱ የዓይኗን እብጠት አይቶ፣ «ነይ እንሂድ፣ ፖሊስ ዘንድ፣ ካራቢኔሪዎቹ ጋ ላድርስሽ» አላት።

«ከዚያስ? ሲለቁት ማን ያደርሰኛል?»

«እኔ።»

«አንተ ስታየው ሱሪህን የምታረጥብ ሰውዬ! ሂድ እንግዶችህን አምጣ፤ ርግቡ ሊያርርብኝ ነው።»

በጥቅምት፣ ወይኑ ተለቅሞ ገንዳው ውስጥ መፍላት በጀመረ ሰሞን፣ ሎሬቶ ጥቂት ሰው ጭኖ መጣ፤ ጡረታ የወጣች ሃነከ የምትባል ሆላንዳዊት ነርስና ባሏ፣ ሁለት እህትማማቾች ከአርጀንቲና። አየሩ ጥሩ ነበር። ኦሬስቴ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ማራገቢያውን አጥፍቶ፣ ሆን ተብሎ ሻጋታ እንዲመታው ከተተወ ፍሬ የተጠመቀውን ጣፋጭ ወይን ለሴቶቹ እየቀዳ ነበር። ኤርሲሊያ ወጥ ቤት ፓስታውን ከፈላ ውኃ እያወጣች ሳለ ሲልቫኖ በወይኑ መስመሮች መካከል ሲመጣ በመስኮት አየችው። በቀኝ እጁ የመግረዣ ማጭድ ይዟል።

«ደህና ዋላችሁ» አለ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ። እንግዶቹ ፈገግ አሉለት።

«ምን ፈለግህ?» አለ ኦሬስቴ ጠርሙሱን ሳያስቀምጥ።

«ፊርማህን። ሰውዬው እስከ ነገ ካልሆነ ሌላ ቦታ እገዛለሁ ብሏል።»

«ሌላ ቦታ ይግዛ። የአባትህን አጥንት የምትሸጥለት ቱጃር ካጣህ ተርኒ ተመለስና ብረት ላስ።»

«ትፈርማለህ፤ አለዚያ ዛሬ ወይንህን የፓልያ ወንዝ እንቁራሪት ይጠጣዋል።»

ከአርጀንቲናዎቹ አንዷ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። «ምን እያሉ ነው?» ብላ ሎሬቶን ጠየቀችው። ሎሬቶ ላቡን ጠረገ። ወንድማማቾች ናቸው፣ የትኛው አያት ይህን ሐረግ እንደተከለ እየተከራከሩ ነው፣ በየዓመቱ ነው፣ አላት። እንግዶቹ ሳቁ። የነርሷ ባል አጨበጨበ።

ኦሬስቴ ጠርሙሱን አስቀመጠ። አፉን በናፕኪን ጠረገ፣ ለሴቶቹ ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ፣ ወንድሜ ምሳ አልበላም» አለና የሲልቫኖን ማጅራት ጨምድዶ ፊቱን የከርከሮ ወጡ ላይ ደፈቀው። ሳህኑ ከሥሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሲልቫኖ አፍንጫው ላይ ወጥና ደም ተቀላቅሎ ቀና ሲል ማጭዱን ወደ ኋላ ሰነዘረ፤ የኦሬስቴ ነጭ ሸሚዝ ከብብቱ እስከ ወገቡ ተተረተረ። መጀመሪያ ቆዳው ነጭ ሆኖ ታየ፣ ቀጥሎ ቀላ። ያኔ ነው ነርሷ ከወንበሯ የተነሳችው። ባሏ ማጨብጨቡን አልተወም ነበር፤ እጁን ይዛ አስቆመችው።

ኦሬስቴ ወንበር አንስቶ ወንድሙ ትከሻ ላይ ሰባበረ። ሲልቫኖ በአራት እግሩ ዳኸና ተነስቶ ወደ ጓዳው ሮጠ። «እንቁራሪቱ ይጠጣዋል!» እያለ ነበር የሚሮጠው፤ የገንዳውን መክፈቻ ሊለቀው ነው። ኦሬስቴ የወንበሩን እግር ይዞ ተከተለው። ኤርሲሊያ ከነማማሰያዋ ወጥታ «ማራገቢያው ጠፍቷል! ኦሬስቴ፣ ማራገቢያው!» ብላ ጮኸች። የሚሰማ አልነበረም። ከጓዳው ውስጥ የእንጨት ድምፅ መጣ፣ ስድብ መጣ፣ የሚያቃስት ሰው ድምፅ መጣ። ወዲያው ሁሉም ቆመ።

ያን ዝምታ ኤርሲሊያ ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች የጎረቤቶቻቸው አባትና ልጅ እንዲህ ባለ ዝምታ ነው የቀሩት። በሩ አጠገብ ያለውን የማራገቢያ ማብሪያ ገጨችው፤ ጓዳውን ለማጽዳት ግን ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ሻማ ለኮሰችና ወደ ደረጃው ዝቅ አደረገችው። ገና መጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ነበልባሉ ተንጠራርቶ ጠፋ።

«እንዳትገቢ» አላት ሎሬቶ ፊቱ አመድ መስሎ። «የእሳት አደጋ ሰዎችን ጠርቻለሁ፤ እየመጡ ነው።»

«ገመድ አምጣ» አለችውና ደረቷ እስኪወጠር አየር ስባ ወረደች።

ከታች መብራቱ እየበራ ነው። የተለቀቀው ወይን ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ደርሷል፤ አየሩ ዓይኗን ያቃጥላታል። ሲልቫኖ ደረጃው ሥር በጎኑ ተጋድሟል፣ አፉ ከወይኑ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሏል። ኦሬስቴ ከእሱ አልፎ ገንዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ መክፈቻውን ሊዘጋ ሲል ነው የወደቀው፣ አንድ እጁ አሁንም መክፈቻው ላይ ነው። ዓይኑ ክፍት ነው።

ኤርሲሊያ ሲልቫኖን ተራምዳ ወደ ባሏ ሄደች። ኋላ የፈለገ የፈለገውን ቢያወራም፣ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ባሏ ነው። ብብቱ ሥር ገብታ ልታነሳው ጎንበስ ስትል እጁ ከመክፈቻው ላይ ተነስቶ ማጅራቷ ላይ ፀጉሯን ጨመደደ። ዕድሜዋን በሙሉ የምታውቀው አያያዝ ነው፤ በጣቱ አንድ ጊዜ ጠምዝዞ ወደ ታች። እንድታድነው ይዟት ይሁን፣ ሊመታት ይሁን፣ ወይስ የሞት መንጠራራት ይሁን፣ ያን ጊዜም አላወቀችም፣ ዛሬም አታውቅም። ፊቷ ወደ ወይኑ ወረደ። ደረቷ ሊፈነዳ ሆነ። በእጇ ስትዳብስ የበርሜል መክደኛ የሚመታበት የእንጨት መዶሻ አገኘች። አናቱን መታችው። እጁ ለቀቃት። ለቅቋትም ደገመችው።

ከዚያ በኋላ ትንፋሽ አልቀራትም። ወደ ደረጃው ስትወረወር ሲልቫኖ እግሯ ሥር ነበር፤ የሸሚዙን ኮሌታ ይዛ ጎተተችው። ሎሬቶ፣ ያ ፈሪ ሎሬቶ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ጫፉን ለነርሷና ለባሏ አስይዞ ግማሽ ደረጃ ወርዶ ጠበቃት። ሁለቱንም ጎትቶ አወጣቸው። ነርሷ ጊዜ አላጠፋችም፤ ሲልቫኖን በጀርባው ገልብጣ፣ ከአፉ ወይኑን በጣቷ ጠርጋ፣ አፏን አፉ ላይ ገጥማ ተነፈሰችበት።

ኤርሲሊያ ሳሩ ላይ ተደፍታ አስመለሳት። ቀና ስትል «ኦሬስቴ» አለችና ተመልሳ ወደ በሩ ተነሳች። ሎሬቶ ከኋላ አቅፎ ያዛት። ረገጠችው። ክንዱን ጥርሷ አጥንት እስኪነካ ነከሰችው። እየጮኸ ያዛት እንጂ አለቀቃትም።

የእሳት አደጋ ሰዎቹ ጭንብል አጥልቀው ኦሬስቴን ሲያወጡት ሞቶ ነበር። ሲልቫኖ በሐረጉ ጥላ ሥር፣ ምሳው ገና ባልተነሳበት ጠረጴዛ አጠገብ ተኝቶ እየሳለ ነፍስ ዘራ።

የካራቢኔሪ ጣቢያው አዛዥ ሸበቶ፣ በዝግታ የሚናገር ሰው ነው። ከሳምንት በፊት በብሩስኪዎች ጠረጴዛ ላይ ከሚስቱ ጋር ርግብ በልቷል። ቢሮው አስቀምጧት ውኃ ቀዳላት።

«ሲኞራ ኤርሲሊያ፣ የባልዎ ራስ ላይ እብጠት አለ። ሲወድቅ ገንዳው መትቶት ይሆናል ብለናል።»

«ገንዳው አይደለም፤ እኔ ነኝ። በመዶሻ።»

አዛዡ ብዕሩን አስቀመጠ። «ይጠንቀቁ፤ የሚሉትን ነገር ያስቡበት።»

«ፀጉሬን ይዞኝ ነበር። ሁለት ጊዜ መታሁት። የመጀመሪያው እጁን ለማስለቀቅ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው የኔ ነው።»

አዛዡ ብዕሩን አንስቶ ጻፈው። ጠበቃዋ ይህን ሲሰማ ራሱን ይዞ «ሴትዮ፣ ማን ጠየቀሽ?» አላት። ነገሩ ዓመት ያህል ተጓተተ። ሐኪሞቹ ኦሬስቴን የገደለው የጓዳው አየር ነው፤ መዶሻው ባያገኘውም ከዚያ አይወጣም ነበር ብለው መሰከሩ። ፋይሉ ተዘጋ። ሲልቫኖ በማጭዱና በገንዳው ምክንያት ተፈርዶበት ታሰረ። የሰፈሩ ሰው ግን ዳኛ አይጠብቅም። «ባሏን ጥላ የባሏን ወንድም አወጣች» አለ። ከዚያ ምን እንደሚከተል አፍ ያለው ሁሉ በየፊናው ጨመረበት። ሎሬቶ መጠጥ ቤት ውስጥ ይህን ከሚያወራ አንድ ነጋዴ ጋር ተያይዞ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መትቶ፣ ወዲያው ደግሞ ክፉኛ ተመትቶ ወጣ።

ከሁሉ የከፋው ቀብሩ ነበር። ሚሬላ ከፔሩጃ ጥቁር ለብሳ መጣች። አፈሩ ተመልሶ ሰው ሲበተን በመካነ መቃብሩ በር ላይ እናቷን አስቆመቻት።

«ልታወጪው ትችይ ነበር?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም አትበይኝ! አባቴን እዚያ ትተሽ ያንን ውሻ ገዳይ ነው ያወጣሽው?»

«እግሬ ሥር የነበረው እሱ ነው።»

ሚሬላ በጥፊ አጮለቻት። የኤርሲሊያ እጅ ደግሞ እሷ ሳታዘው ተነስቶ ልጇ ጉንጭ ላይ አረፈ። እናትና ልጅ ፀጉር ለፀጉር ተያያዙ፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች «ኧረ በማርያም፣ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ!» እያሉ በግድ አላቀቋቸው። ሚሬላ በዚያው ሄደች። ክረምቱን ሙሉ እናቷ ስልክ ስትደውልላት አታነሳም።

ኤርሲሊያ ጓዳውን በድንጋይ አስደፈነችው። ገንዳዎቹን ከቤቱ ጀርባ አየር ወደሚገባው አዳራሽ አዛወረች። በፀደይ ሎሬቶ እንግዶች ይዞ ሲመጣ ጠረጴዛውን ዘረጋች። የመጀመሪያ ቀን ፓስታውን እያሸች ሳለ ሊጡን ወለሉ ላይ ጥላ ተቀመጠች። ከደጅ ሻንጣ ሲጎተት ተሰማት። ሚሬላ ገባች። ሰላም አላለችም። ኮቷን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ ሊጡን ከወለሉ አነሳች።

«ይኼ ለአሳማ ነው የሚሆነው» አለች። «ዱቄቱ የት ነው?»

«ድሮ የነበረበት።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አዲስ ሊጥ አሹ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሚሬላ ቀና ሳትል፣ «እሱ ሲመታሽ አልጋ ሥር ነበርኩ። ሁልጊዜ» አለች። «እንዲሞት እጸልይ ነበር። ሲሞት ደግሞ አንቺን ጠላሁሽ።» ኤርሲሊያ የልጇን ሊጥ አየችና «ቀጭን አድርጊው፤ ጫማ ማሰሪያ አስመሰልሽው» አለቻት። ሚሬላ መጀመሪያ በቁጣ አየቻት፤ ከዚያ የእናቷ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየችና ቀጭን አደረገችው። ፔሩጃ አልተመለሰችም። ቤቱ ግን ሰላም ሆነ ማለት አይደለም፤ ሁለቱም እሳት ናቸው፣ በሳምንት አንድ ሳህን ዛሬም ይሰበራል። እርስ በርስ ግን አይወራወሩበትም፤ ግድግዳው ይችለዋል።

ሲልቫኖ ሲፈታ ከስቶ ነበር፤ ደረቱ ያፏጫል። የኤርሲሊያ ቤት መጥቶ አንኳኳ። ሎሬቶ እዚያ ነበርና በሩን ከፍቶ ሲያየው ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«ድርሻዬን ላስረክብሽ ነው የመጣሁት» አለ ሲልቫኖ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። «ለመሸጥ አልፈልግም። ነፍሴን ያወጣሽው አንቺ ነሽ።»

ኤርሲሊያ አልፋው ወጣች። እሱ ወደ ገነደሰው መስመር ሄደች፤ ሲልቫኖም ተከተላት። ጉቶዎቹ እንደ ተቆረጡ ቆመዋል። እዚያ ስትደርስ የሐረግ መደገፊያ እንጨት ነቀለችና ዘወር ብላ ጀርባውን መታችው። ሲልቫኖ ተንገዳገደ እንጂ አልሸሸም። ደገመችው። ሠለሰችው። ስለ ውሻው መታችው፣ ስለ ሐረጉ መታችው፣ ስለ ኦሬስቴ መታችው፤ ኦሬስቴ በእሷ ላይ ያደረገውን እንኳ በእሱ ጀርባ አወራረደችው። ሎሬቶ ከሩቅ ቆሞ አየ፤ ሚሬላም ከወጥ ቤቱ በር ላይ አየች፤ ማንም አልገባበትም። እንጨቱ ሲሰበር ኤርሲሊያ እያለከለከች ጉቶ ላይ ተቀመጠች።

«የገነደስካቸውን ነቅለህ ትተክላለህ» አለችው።

«እሺ።»

«እቤቴ አትገባም።»

«እሺ።»

ከማግስቱ ጀምሮ ጉቶዎቹን በዶማ ሲነቅል ታየ። ሳሉ ሲነሳበት ዶማውን ተደግፎ ይቆማል፣ ሲተወው ይቀጥላል። አዲስ ችግኝ አምጥቶ ተከለ። ምሳውን ሚሬላ ወስዳ የመስመሩ ጫፍ ላይ ድንጋይ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ ሲጨርስ ሳህኑን አጥቦ እዚያው ይተወዋል። ኤርሲሊያና እሱ ግን ቃል አይለዋወጡም። ዓመት አለፈ።

አንድ ጧት ከርከሮ ገብቶ ከአዲሶቹ ችግኞች ግማሹን ገልብጦት ተገኘ። ሲልቫኖ ጠመንጃ መያዝ ተከልክሎ ስለነበር ከሎሬቶ ውሻ ተውሶ፣ ጦር የመሰለ የተሳለ የብረት መንሽ ይዞ እንስሳውን ወንዙ ዳር ጥድ ውስጥ አስገባው። ከሰዓት በኋላ ሱሪው ተቀድዶ፣ ጭኑ በጥርስ ተዘልዝሎ፣ ከርከሮውን በጋሪ እየጎተተ የኤርሲሊያ ደጅ ደረሰ። እሷ ደሙን አየች፤ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም።

ሚሬላ ቁስሉን በወይን አጥባ አሰረችለት። ኤርሲሊያ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ አሁን የሚሸፈን ነገር የለም። ከርከሮውን ዋርካ በሚያክለው በለስ ቅርንጫፍ ላይ በኋላ እግሮቹ ሰቀሉት። እሷ ከላይ መግፈፍ ስትጀምር ሲልቫኖ እያነከሰ መጥቶ እግሩን ይዞ ወጠረላት። ቆዳው አልላቀቅ አለ።

«ቢላዋሽ አይቆርጥም» አለ ሲልቫኖ።

ኤርሲሊያ ቢላዋውን አየችው፤ ከዚያ እሱን። እጀታውን አዙራ ሰጠችው።

«እንግዲያው ሳለው» አለችው። «ነገ ሎሬቶ ሰው ያመጣል።»